ባለቤት የሌለው ዐረፍተ ነገር

ኅዳር 4 ቀን

ለማከብርዎ ጋሼ፣

ይህች ወረቀት ወገብዎ ለቀቅ ብሎልዎ፣ በራፍዎ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ታግኝዎ። እኔ ቆሜ እሄዳለሁ፤ ከዚህ በላይ ብል ውሸት ይሆናል።

ስልክ ላይ ጆሮዎ እንደማይተባበርዎ ስለማውቅ ነው የምጽፈው። ሰሞኑን ለሥራ ባልደረባዬ ስለ እርስዎ ስነግራት «ምንሽ ነው?» አለችኝ። «የእናቴ ያጎት ልጅ» አልኳት። «ይሄማ ሩቅ ዘመድ ነው» አለች። በእኛና በእርስዎ ግቢ መካከል ያለችውን አጥር፣ እዚያች አጥር ሥር ቁጭ አድርገው እንግሊዝኛ ሲያስጠኑኝ የነበረውን ብታይ ሩቅ አትልም ነበር።

ጋሼ፣ አደጋ ደርሶብኛል። እዚህ በሰው አገር በምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ከማነሣቸውና ከማጥባቸው ሰዎች አንዱ ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሽማግሌ ነው። ስሙን ትተን ሹፌሩ ነው የምንለው። ከአልጋ ወደ ወንበር ሳዛውረው «ወራጅ አለ!» ብሎ ይጮሃል። ባለፈው ሰኞ ጠዋት ገላውን ሳጥበው ውሃው ድንገት ፈላ። ቀድሜ በክርኔ ሞክሬው ለብ ያለ ነበር። ሳሙናውን እያለቀለቅኩለት ሳለሁ ግን ቧንቧው አጉረመረመና የፈላ ውሃ ተፋ። ጎትቼ እስካወጣው የግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተልጦ ነበር። አልጮኸም። ዐይን ዐይኔን ነው ያየኝ። አሁን ሆስፒታል ነው። የእኔም እጅ ተቃጥሏል፤ እጄ ግን ይድናል።

ያ ቧንቧ እንደሚያስቸግር ለኃላፊያችን ነግሬያት ነበር። ከአንድም ሁለቴ። ሁለቴም ከኮምፒውተሯ ቀና ሳትል «ይታያል» አለችኝ።

አሁን ስለ አደጋው አንድ ገጽ ሪፖርት ተጽፎ «አንብበሽ ፈርሚ» ተብያለሁ። ቃላቱን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ፣ ሲገጣጠሙ ግን ያመልጡኛል። ስድብ የለበትም፣ ስሜም የለበትም። አንብቤ ስጨርስ ግን ወንጀለኛ የሆንኩ መሰለኝ። ያልገቡኝን ሦስት ዐረፍተ ነገሮች በእንግሊዝኛ እንዳሉ ቀድቼ ከዚህ ጋር ልኬልዎታለሁ። ምን እንደሚሉ በደንብ ያስረዱኝ። እጄ እስኪድን እረፍት ስለተሰጠኝ ትንሽ ጊዜ አለኝ።

ለእናቴ እንዳይነግሩብኝ። እሷ እንደሁ ስደውል «ደህና ነኝ፣ ካርድሽን አትጨርሺ» ብላ ትዘጋብኛለች። እስቲ እርስዎ ይጻፉልኝ፤ እንዴት ናት?

አክባሪዎ
ቀጮ


ኅዳር 25 ቀን

ለልጄ ለቀጮ፣

የነካሽው ይቅናሽ፣ ያነሣሽው አይክበድሽ፣ የተቃጠለው እጅሽ ጠባሳ አይያዝ። ወረቀትሽ እንደደረሰኝ መነጽሬን ፍለጋ ቤቱን ገለበጥኩት። ግንባሬ ላይ ነበር።

ስላዘንኩብሽ ብዙ አልጽፍም፤ አንቺም ጊዜ የለሽ። ወደ ሰዋስዉ ልግባ።

«እገሌ መስኮቱን ሰበረ» ስንል ባለቤቱ እገሌ ነው። «መስኮቱ ተሰበረ» ስንል እገሌ ሹልክ ብሎ ወጣ። ይሄን ክፍል ውስጥ እንቅልፍ የወሰደውም ተማሪ ያውቃል። የእናንተ ሪፖርት ግን ከዚህ አንድ ደረጃ ይረቃል። አድራጊውን ብቻ አይደለም፣ ተናጋሪውንም ነው የሚሰውረው።

የመጀመሪያውን እይው። «ኢት ኢዝ ቢሊቭድ ዛት» ብሎ ይጀምራል። የውሃው ሙቀት በተገቢው መንገድ ሳይፈተሽ እንደቀረ ይታመናል፣ ነው የሚለው። ያ ፊት የተቀመጠው «ኢት» ማንም አይደለም። ሰው ቦታ ለመያዝ ወንበር ላይ ጥሎት የሚሄደው ኮት ነው። የሚያምነው ማነው? ኮቱ አይመልስልሽም።

ሁለተኛው ይብሳል። «ሺ ኢዝ ሴድ ቱ ሃቭ ቢን ቶልድ» ይላል። ስለ ገላ አጠባ መመሪያው ተነግሯት እንደነበር ይባላል፣ ማለት ነው። እዚህ ላይ ኮቱን አንሥተው አንቺን ወንበሩ ላይ አስቀመጡሽ። ለሰዋስው ባለቤቷ አንቺ ነሽ፤ ግን አንቺ ያልሽው ነገር የለም። ማን ነገረሽ? የለም። ተነግሯታል ያለውስ ማነው? እሱም የለም። ቤቱ በስምሽ ነው፣ ቁልፉ ሌላ ሰው ኪስ ውስጥ። ደግሞ «ቱ ሃቭ» የሚለውን ልብ በይ። ወሬው የዛሬ ነው፣ ድርጊቱ ግን ከወሬው በፊት ያለቀ የደቀቀ ነው ለማለት የገባ ነው።

በሦስተኛው ከዚህ በፊት ስለ ቧንቧው የቀረበ አቤቱታ እንዳለ አይታወቅም ይላሉ። አለመታወቁ ልክ ነው፤ ያወቀው ሰው ስላልተጻፈ።

እንዲህ ስልሽ አነጋገሩን እንዳትጠዪው። ስንት ዓመት ለፈተና ያስጠናሁት ነው። ጋዜጠኛ ያላጣራውን ነገር ሲጽፍ «ይባላል» ማለቱ ጨዋነት ነው፤ ያላዩትን አየሁ ከማለት ይሻላል። የሚበላሸው ያየ ሰው «ታይቷል» ሲል ነው።

ስለዚህ አትፈርሚ። የራስሽን ቃል ጻፊ፣ አጭር ይሁን። እኔ ይህን አልኩ፣ እሷ ይህን አለች። ቋንቋሽ ቢሰባበርም ግድ የለሽም።

እናትሽ ደህና እንደሆነች ይነገራል። ጉልበቷን አንዳንዴ ያማታል ይባላል። ጓሮ መኮትኮትም ትታለች ተብሏል። አታስቢ።

ለጆሮ ማዳመጫዬ ትንንሽ ባትሪ ካገኘሽ ላኪልኝ፤ እዚህ ጠፍቷል። ካልተመቸሽ ይቅር።

ጋሼሽ


ታኅሣሥ 20 ቀን

ለጋሼ፣

እንደ ምክርዎ ዕድሜዎም ይርዘም። ባትሪውን ከዚህች ጋር ልኬያለሁ፤ በጥቁር ወረቀት የተጠቀለለው ነው።

አልፈረምኩም። ኃላፊዋ ቢሮዋ አስገብታ ወንበር ሰጠችኝ፣ ውሃም ቀዳችልኝ። ተቆጥታ ብትሆን አልፈራም ነበር፤ እንዲህ ስታደርግ ፈራሁ።

«ይሄ እኮ ለወጉ ያህል ነው» አለችኝ። «ማንም ጣቱን አንቺ ላይ አልቀሰረም።»

«እሱ ነው የቸገረኝ» አልኳት። «የቀሰረ ቢኖር ጣቱን አየው ነበር። ነገሩን ያመነው ሰው ማነው? አንቺ ነሽ?»

«አጻጻፉ እንደዚህ ነው። እኔ አላወጣሁትም።»

«ቧንቧው ያስቸግራል ብዬሽ አልነበር?»

 ብዕሩን ከድና ከፈተችው። «እንደዚያ ያለ ነገር አላስታውስም» አለች። ከሁሉም የከፋኝ ምን እንደሆነ ያውቃሉ? የምትዋሽ አልመሰለኝም። ስድስት ፎቅ ብቻዋን ነው የምትይዘው፤ ዐይኗ ሥር ጠቁሯል። ማታ ማታ ለእሷም «ይታያል» የሚላት አለቃ ይኖራታል።

የራሴን ቃል በእጄ ጽፌ ሰጠኋት። «ጉዳዩ እስኪጣራ ከሥራ ታግደሻል» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ቤት ነኝ። ክፍሌ ከልብስ ማጠቢያ ቤት በላይ ነው፣ ወለሉ ቀኑን ሙሉ ይንቀጠቀጣል። እተኛለሁ፣ እነሣለሁ፣ መስኮት አያለሁ። ሥራ የሚያደክም ይመስለኝ ነበር፤ ለካ መቀመጥ ይብሳል።

ሁለተኛ ጊዜ ስለ ቧንቧው ለኃላፊዋ ስናገር ያቺ ስለ እርስዎ የነገርኳት ባልደረባዬ፣ ሳቂታዋ የምንላት፣ አጠገቤ ፎጣ ታጥፍ ነበር። ሄጄ ምስክር ሁኚኝ ብዬ ለመንኳት። አልሳቀችም። «ሰምቻለሁ» አለችኝ፣ «ግን ልጆች አሉኝ።» ምን እላታለሁ? እኔም ልጅ ቢኖረኝ እንዲሁ እል ይሆናል።

ጋሼ፣ አሁን አንድ ነገር ልጠይቅዎ፣ አይቆጡኝ። ካስተማሩኝ ወዲህ ደብዳቤ ሁሉ በሌላ ዐይን ማየት ጀምሬያለሁ። የእርስዎን ደግሜ አነበብኩት። እናቴ ደህና እንደሆነች «ይነገራል»፣ ጉልበቷን ያማታል «ይባላል»፣ መኮትኮት ትታለች «ተብሏል»። ለእናቴ ደውዬ «ጋሼ እንዴት ነው?» ብላት «አለ ይላሉ» አለችኝ። ሁለታችሁም ማን እንደሚል አትነግሩኝም። በአንድ አጥር የምትለያዩ ሰዎች ናችሁ። ጆሮዎ ባይሰማ ዐይንዎ ያያል። ምን ሆናችሁ?

ቀጮ


የካቲት 3 ቀን

ለልጄ፣

ቸሩ አምላክ የተዘጋብሽን ይክፈትልሽ። ባትሪው ደርሶኛል፣ ተባረኪ። መልሴ የዘገየው በፖስታ ቤቱ አይደለም። ሦስቴ ጽፌ ሦስቴ ቀድጃለሁ።

አንቺ የሄድሽ ቀን፣ የጫነሽ መኪና ከዐይን ሲሰወር፣ እናትሽ ወደ እኔ ዞረች። አላለቀሰችም። «አፍ ሰጥተህ ልጄን ወሰድክብኝ» አለችኝ። «ያን ቋንቋ ባታስተምራት ኖሮ እዚሁ ነበረች። ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጥ።» ንዴት ነው፣ ይበርድላታል አልኩ። ይኸው ክረምት በክረምት ተተካ፣ አልበረደላትም። እኔም አልሄድኩም። ያለችው እውነት ይሁን አይሁን እስካሁን ለራሴ አልመለስኩትም። ሌሎቹ ተማሪዎቼ «በእርስዎ እንግሊዝኛ ሰው ሆንን» ሲሉኝ ደስ ብሎኝ እሰማለሁ፤ ደስታውን ከተቀበልኩ ሐዘኑን አልቀበልም ማለት ይከብዳል።

ወሬዋን የሚያቀብለኝ የማዕዘኑ ባለሱቅ ነው። ስኳር ልገዛ ገብቼ «እንደምን ነች?» እለዋለሁ፣ ማን ብሎ አይጠይቀኝም። «ዛሬ ሳሙና ወሰደች» ይለኛል። «የጉልበት ቅባት አለህ ወይ አለችኝ» ይለኛል። ከስኳሩ ብዛት የተነሣ ሐኪሜ ተቆጥቶኛል። እሷም የእኔን ወሬ ከእሱ እንደምትሰማ እገምታለሁ፤ ሰውየው በሁለታችን ሳይከብር አይቀርም።

ያንቺን ነገር ሰማሁ። እኔ እዚህ ሆኜ «ጻፊ፣ እኔ በይ» ማለት ይቀለኛል፤ ዋጋውን የምትከፍዪው አንቺ ነሽ። ቢሆንም ልክ ነሽ። ሳቂታዋንም አትቀየሚያት።

አንድ ነገር ልደብቅሽ ነበር፣ አልደብቅም። ሰሞኑን ባለሱቁም ወሬ የለው። «አልመጣችም» ይለኛል። መስኮቷ እንደተዘጋ ነው። ትናንት እስከ በሯ ሄድኩ። እጄን አነሣሁ። ከዚያ «እንዳትረግጥ» ያለችኝ ትዝ አለኝና ተመለስኩ። ሽማግሌ ሰው በሰው ደጅ እንዲህ ሲሆን ያሳፍራል።

ጋሼሽ


የካቲት 24 ቀን

ለጋሼ፣

ሰላምታዬ ዛሬ አጭር ነው፣ ይቅር ይበሉኝ። እናቴ ስልክ አታነሣም። ይጠራል ይጠራል ይዘጋል፤ ከትናንት ጀምሮ ደግሞ መጥራቱንም ትቷል። ሥራ እንደገና ስለጀመርኩ ትቼው መምጣት አልችልም፤ የአውሮፕላኑም ነገር አይሞከርም። እባክዎ ያንኳኩ። ብትቆጣም ያንኳኩ። ብትሰድብዎ እሰይ ነው፤ አለች ማለት ነው።

የእኔ ነገር አልቋል። ከጤና ቢሮ አንዲት መርማሪ መጥታ ነበር። እኔንም ጠየቀችኝ፣ ኃላፊዋንም፣ ሳቂታዋንም። ሳቂታዋ «ፎጣ ላይ ነበርኩ» ብላ አለፈች። ሊያበቃልኝ ነው ስል መርማሪዋ ሹፌሩ አልጋ ጋ ሄደች። ከሆስፒታል ተመልሶ ነበር። አእምሮው አንዳንዴ ስለሚዋልል ማንም ይጠይቀዋል ብሎ አላሰበም።

«ስለ ቧንቧው ከአደጋው በፊት የተናገረ ሰው ነበር?» አለችው።

«ይቺ ቀጭን ልጅ» አለ።

«ለማን?»

«ለአለቃዋ ነዋ! እኔ መተላለፊያው ላይ ነበርኩ። እነዚህ ሰዎች ባለጎማ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሁሉ ደንቆሮ ይመስላቸዋል። ዕድሜዬን ሙሉ ከኋላዬ የሚወራውን ስሰማ የኖርኩ ሰው ነኝ እኮ።»

እሱ ይህን ሲል ሳቂታዋ በር ላይ ቆማ ነበር። ወጣች። ወዲያው ተመልሳ «እኔም ሰምቻለሁ» አለች። 

አዲስ ሪፖርት ወጣ። ሠራተኛዋ ጉድለቱን አስቀድማ ለኃላፊዋ አሳውቃለች፣ ይላል። ቧንቧው በአንድ ከሰዓት ተሠርቶ አለቀ። ኃላፊዋ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ተዛውራለች ተባለ፤ ማን እንዳዛወራት የነገረን የለም። እኔን ምድር ቤት ልብስ ማጠቢያ መደቡኝ። ቅጣት ነው እንዳልል ደመወዙ ያው ነው፣ ሹመት ነው እንዳልል ፀሐይ የለውም።

ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፣ ጋሼ። ደከመኝ እንጂ አልተደሰትኩም። ሹፌሩ ተደግፎ የሚራመዳትን ጥቂት እርምጃ እንኳ ከእንግዲህ አይራመድም። እውነቱ ተጻፈ፣ እግሩ ግን ያው ነው። በእረፍት ሰዓቴ ወደ ላይ ወጥቼ አጠገቡ እቀመጣለሁ። አጠባ ላይ ሌላ ሰው ነው የመደቡለት፤ ውሃ ሲከፈት ልብሷን ጭምድድ አድርጎ ይይዛል አለችኝ።

አሁን ያንኳኩልኝ።

ቀጮ


መጋቢት 17 ቀን

ለልጄ ለቀጮ፣

ከሰላምታው በፊት፦ እናትሽ በሕይወት አለች። በዐይኔ አይቻታለሁ፣ ተሰድቤያለሁም።

ወረቀትሽ በመጣ ሰዓት ነው የሄድኩት። አንኳኳሁ። ባትሪሽን ጆሮዬ ላይ አድርጌ በሩ ላይ ተለጠፍኩ፤ ከውስጥ የሆነ ነገር ሲጎተት ሰማሁ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«እኔ የሚባል ሰው አላውቅም።»

«የአጎትሽ ልጅ።»

 «በሩ አልተቆለፈም» አለች፣ «መነሣት ግን አልችልም።»

ገባሁ። ጓሮ ውስጥ አዳልጧት ወድቃ ጉልበቷ እንደ ቅል አብጧል። ወለሉ ላይ በመቀመጫዋ እየተሳበች ነበር የምትንቀሳቀሰው። ስልኩ ከመደርደሪያው ላይ ነው፣ እጇ አይደርስበት። አንዲት ጎረቤት ውሃና ምግብ እያቀበለቻት ኖሯል፤ ለእኔ እንዳትነግር አስምላት። ለአንቺም።

«ለምን አልጠራሽኝም? አጥሩ እኮ እዚህ ነው» አልኳት።

«ጠርቼህ ነበር። ደንቆሮ አይደለህ?» አለችኝ።

ጠርታኝ ነበር፣ ልጄ። ይሄ እስክሞት ይቆጨኛል።

ባለሱቁን አስከትዬ ሐኪም ዘንድ ወሰድናት። አጥንቷ አልተሰበረም፤ ጅማቷ ነው። ተጠቅልሎ ለብዙ ጊዜ ተኝታ ትቆይ ተባለ። ይህን ያለው ወጣቱ ሐኪም ነው፣ ስሙንም ጽፌልሻለሁ፣ ከወረቀቱ ጀርባ ላይ አለ።

አይንገሩብኝ ያልሽኝን አልጠበቅኩም። «ልጄ አንድ ነገር ሆናለች፣ በድምፅዋ አውቄያለሁ» ብላ አፋጠጠችኝ። ደብዳቤዎችሽን ሁሉ አምጥቼ አነበብኩላት። ሹፌሩ ጋ ስደርስ አስቆመችኝና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። «ቀጥል» አለችኝ ቆይታ።

አሁን በየቀኑ ከሰዓት እሄዳለሁ። ከዚህ በታች ያለው የእሷ ቃል ነው። እንዳለችው ነው የጻፍኩት።

«ልጄ፣ እጅሽ ዳነ ወይ? ግራው ነው ቀኙ? ይሄ ሰውዬ አልጻፈችም ይለኛል፤ እናት የምትጠይቀውን አትጠይቁም እናንተ።

«እሱን ይቅር ብዬዋለሁ እንዳትዪ። ገና አላልኩትም። ምሳ ግን እያበላሁት ነው፣ ብቻውን ሲበላ ይከሳል። በእርግጥ ያበስለው እሱ ነው፤ እኔ ተኝቼ ጨው አነሰው፣ እሳቱ በዛ እለዋለሁ። የሚሠራው አይበላም፣ ግን እንበላዋለን።

«ለዚያ ሽማግሌ እናቴ እግዜር ይስጥህ ብላሃለች በይልኝ። ያቺንም ሳቂታ ሳሚልኝ፣ ፈርታ ስታበቃ ነው የተናገረችው።

«እስከ ዛሬ ስልክ ስትደውዪ ካርድሽን አትጨርሺ እያልኩ የምዘጋው ካርዱ አሳዝኖኝ አይደለም። አንድ ነገር አለ ልጠይቅሽ የምፈልገው፤ አፌ ላይ ይመጣና መልሱን እፈራለሁ፣ ቶሎ እዘጋዋለሁ። አሁን ግን እሱ ይጻፈው፣ እኔ ስልኩን መዝጋት አልችልም። ትመጫለሽ ወይ? ለመጠየቅ አይደለም የምልሽ፣ ለመኖር። አትመጪ ከሆነም አትመጪም በይኝ፣ አልሞትም። አላውቅም ካልሽም አላውቅም በይኝ። ቁጭ ብዬ እጠብቅሻለሁ፤ መሄድ እንደሁ አልችል።»